የሲስተም ለውጥና የመመለሻው መንገድ

በአዲስ አበባ፣ ተክለ ሃይማኖት ከመርካቶ ጋር የሚዋሰን የንግድ ሰፈር ነው። የአካባቢው ነጋዴ ቀድሞ ገንዘቡን ለባንክ ሲያስረክብ የሚተማመነው በእጅ በተጻፈ መዝገብ ላይ ነበር። በመዝገቡ የተሳሳተ ቁጥር አይፋቅም፤ በቀጭን መስመር ተሰርዞ ትክክለኛው ከአጠገቡ ይጻፍና ይፈረምበታል። አንዱ የጻፈውን ሌላው ያመሳክራል። አሠራሩ ዘገምተኛ ቢሆንም ስሕተቱም እንደዚያው ዘገምተኛ ነበር። ኮምፒዩተር በመጣ ጊዜ ግን የየቅርንጫፉ መዝገብ በአንድ ማእከል ተጠቃለለ። ከዚያ ወዲህ በማእከሉ የምትደረግ አንዲት ለውጥ በዚያው ቅጽበት ከአገሪቱ ዳር እስከ ዳር ትደርሳለች።

ይህም ምን ማለት እንደሆነ መጋቢት 6 ቀን 2016 ዓ.ም. ለመጋቢት 7 አጥቢያ ታየ። በዚያች ሌሊት የኢትዮጵያ ንግድ ባንክ ደንበኞች በሒሳባቸው ካለው በላይ ማውጣትና ማስተላለፍ ቻሉ። ወሬው በእጅ ስልክ ተዛመተ፤ በተለይም በዩኒቨርሲቲዎች ግቢ ተማሪዎች በኤቲኤም ማሽኖች ፊት ተሰለፉ። ባንኩም አገልግሎቱን ለሰዓታት አቋረጠ። የደረሰው የውጭ ጥቃት አልነበረም፤ ብሔራዊ ባንክ እንደገለጸው ችግሩ የተፈጠረው በመደበኛ የሲስተም ማሻሻያና ፍተሻ ላይ ነው።

አላግባብ የወጣው ገንዘብ 801 ሚሊዮን ብር ያህል መሆኑን ባንኩ ቆይቶ አስታወቀ። ከዚህም ውስጥ ከሦስት አራተኛው በላይ በወሩ ውስጥ ተመለሰ። ለቀሪው የሰዎች ስምና ፎቶግራፍ በየቅርንጫፉ እስከ መለጠፍ ተደረሰ። ሲስተሙን ማስተካከል የሰዓታት ሥራ ሲሆን፣ ከሰው እጅ የገባውን ማስመለስ የሳምንታት ሥራ ሆነ።

መመለሻው ራሱ አደጋ የሚሆንበት ጊዜም አለ። በሰኔ 2004 ዓ.ም. የብሪታንያው ሮያል ባንክ ኦፍ ስኮትላንድ የሌሊት ሥራዎችን ተራ የሚያስይዘውን ፕሮግራም አሻሻለ፤ ችግር ሲታይበትም ማሻሻያውን አነሣ። የቀድሞው ፕሮግራም ከአዲሱ ጋር መጣጣሙ ግን አስቀድሞ አልተፈተነም ነበር። ከ6 ሚሊዮን የሚበልጡ ደንበኞች ተጎዱ፤ ባንኩም በኅዳር 2007 ዓ.ም. 56 ሚሊዮን ፓውንድ ተቀጣ።

መሐንዲሶች አዲሱን ለመፈተን የሚተጉትን ያህል መመለሻውን ለመፈተን አይተጉም። ለውጥን በሌሊት ማድረግም የቆየ ልማድ ነው፤ ልማዱ የተወለደው ግን ባንክ ማታ በሩን ይዘጋ በነበረበት ዘመን ነው። ዛሬ ኤቲኤሙም ስልኩም አይተኙም፤ የሚተኙት ኃላፊዎቹ ናቸው። በእኩለ ሌሊት ሁሉን የማቆም ሥልጣን የማን እንደሆነ ለውጡ ከመጀመሩ በፊት ካልተወሰነ፣ የሚፈቅደውን ኃላፊ ከእንቅልፉ እስኪቀሰቅሱ ድረስ ገንዘቡ ይፈሳል። ለውጡን አስቀድሞ በጥቂት ሒሳቦች ላይ ብቻ መሞከርም የማቆሚያውን ስፋት ያጠብባል። መጋቢት 7 የገበያ ቀን፣ ቅዳሜ ነበር። የተቋረጠው የሁሉም አገልግሎት ስለ ነበረ፣ አንዲት ሳንቲም አለአግባብ ያልነካ የተክለ ሃይማኖት ነጋዴም በእነዚያ ሰዓታት ከገዛ ገንዘቡ ጋር አልተገናኘም።