ስለ ሐይቅ እስጢፋኖስና በባሕሩ ዳር ስለሚኖረው ሕዝብ

የደብር ኢዮቤልዩ በሚከበርበት ጊዜ የሕንፃውን ዕድሜ መቍጠር መልካም ነው፤ ነገር ግን ትምህርቱ ከወዴት እንደ መጣ ማወቅ ከዚህ ይበልጣል። እኛ በከሚሴና በአካባቢዋ የምንኖር ምእመናን ጨው ያለበት ባሕር በአጠገባችን የለንም። የአባቶቻችን አነጋገር ግን ሰፊውን የረጋ ውኃ ሁሉ ባሕር ይለዋል። እንዲህ ያለው ባሕር በኮምቦልቻና በደሴ አልፎ ወደ ሰሜን ለሚሄድ መንገደኛ ከከሚሴ ከመቶ ኪሎ ሜትር ጥቂት አለፍ ብሎ ይገኛል፤ እርሱም ሐይቅ ነው።

የሐይቅ ከተማ በተሁለደሬ ወረዳ፣ ከደሴ ወደ ወልድያ በሚወስደው መንገድ ላይ ናት። በስተ ደቡብ አርድቦ የሚባል ሌላ ባሕር አለ፤ የእርሱም ውኃ በአንቀርቃ ወንዝ ወርዶ ወደ ሐይቅ ይገባል። ከሐይቅ ግን ወጥቶ የሚሄድ ወንዝ የለም። በዳሩ ያለው ሕዝብ አራሽና ከብት አርቢ ነው። ዓሣ ማጥመድ የተስፋፋው ቆይቶ ነው፤ ቆሮሶ የሚባለው ዓሣ በባሕሩ የተጨመረው በ1970 ዓ.ም. ገደማ ነውና። ሽማግሌዎች ስለ ባሕሩ አፈጣጠር ሲናገሩ፣ አንዲት ነፍሰ ጡር ሴት በአንዲት የንጉሥ ልጅ ተበድላ ብታለቅስ እግዚአብሔር ተቈጥቶ ምድሩን ውኃ አደረገው፤ ሴቲቱ የተቀመጠችበት ቦታ ብቻ ደሴት ሆኖ ቀረ ይላሉ።

በዚያ ደሴት ላይ የቅዱስ እስጢፋኖስ ቤተ ክርስቲያን በንጉሥ ድልናዖድ ዘመን ተተከለ ተብሎ ይነገራል። ስሙ የገነነው ግን አባ ኢየሱስ ሞዐ ከመጡ በኋላ ነው። እርሳቸው ደብረ ዳሞ ወጥተው ከአባ ዮሐኒ ዘንድ ምንኵስናን ተቀበሉ፤ በ1240 ዓ.ም. ገደማም ወደ ሐይቅ መጥተው እስከ ዕረፍታቸው እስከ ኅዳር 26 ቀን 1285 ዓ.ም. አርባ አምስት ዓመት ያህል ገዳሙን መሩ። ትልቁ ሥራቸውም ማስተማርና መጽሐፍ ማጻፍ ነበረ። በ1273 ዓ.ም. ለገዳሙ የሰጡት ባለ ሥዕል አራቱ ወንጌል እስከ ዛሬ አለ፤ ዘመናቸው ከታወቀ ጥንታውያን የግዕዝ መጻሕፍት አንዱም እርሱ ነው።

ከደቀ መዛሙርታቸው አቡነ ተክለ ሃይማኖት ወደ አሥር ዓመት ያህል በዚያ ተቀምጠው ተምረዋል፤ ኋላም በሸዋ ደብረ ሊባኖስን መሠረቱ። አባ ሂሩተ አምላክም ወደ ጣና ሄደው ዳጋ እስጢፋኖስን አቀኑ። በ1262 ዓ.ም. የነገሠው ይኩኖ አምላክም ከአባ ኢየሱስ ሞዐ ጋር ወዳጅነት እንደ ነበረው ይነገራል። የሐይቅም መምህር ዓቃቤ ሰዓት ተብሎ በቤተ መንግሥት ትልቅ ማዕርግ ነበረው። እንግዲህ አንዲት ትንሽ ደሴት ለብዙ አገር እናት ሆነች።

ከ1512 እስከ 1518 ዓ.ም. በኢትዮጵያ የኖረው ፖርቱጋላዊው ቄስ ፍራንሲስኮ አልቫሬዝ ይህን ቦታ አይቶ ብዙ መነኮሳት እንዳሉበት፣ በባሕሩም ጉማሬ እንደሚኖር፣ በዳሩ ሎሚና ብርቱካን እንደሚበቅል ጽፏል። ከጥቂት ዓመታት በኋላ ግን በ1524 ዓ.ም. የኢማም አሕመድ ጭፍራ መጣ። ውኃው ለጊዜው ቢከለክላቸውም መሻገሪያ አበጁ። የኢማሙን ዘመቻ የጻፈው ዐረብ ፈቂህ እንደሚተርከው፣ መነኮሳቱ ቤተ ክርስቲያኑ እንዳይቃጠል ለምነው የገዳሙን ወርቅና ብር አሳልፈው ሰጡ።

ከዚያ በኋላ ኦሮሞ በወሎ ሰፈረ፤ እስልምናም ተስፋፋ፤ በባሕሩ ዳርም ክርስቲያንና እስላም ጎረቤት ሆነው ኖሩ። ስለ በደል ስንናገር ግን የእኛን ብቻ መቍጠር አይገባም። በ1870 ዓ.ም. ዐፄ ዮሐንስ ከሐይቅ ብዙ በማይርቀው በቦሩ ሜዳ ጉባኤ አድርገው የሃይማኖቱን ክርክር ከፈጸሙ በኋላ የወሎ እስላም እንዲጠመቅ ታዘዘ። መሐመድ ዓሊ ተጠምቀው ራስ ሚካኤል ተባሉ። ሌላው ግን ብዙው አገሩን ጥሎ ተሰደደ፤ ሼህ ጦልሃም በጦር ተቃወሙ። በግድ የተሰጠ ጥምቀት ልብን እንደማያሸንፍ ያ ዘመን አስተማረ። አባ ኢየሱስ ሞዐ በወንጌልና በትምህርት የሠሩትን ሰይፍ ሊሠራው አልቻለም።

አሁን ደሴቱ ደሴት አይደለም። ውኃው እየሸሸ ሄዶ ከየብስ ጋር ተጋጥሟል፤ ወደ ገዳሙም በእግር ይገባል። ዱሮ ገዳሙን ይጠብቅ የነበረው ቅጥር ውኃ ነበረ፤ ዛሬ ቅጥሩ ጎረቤት ነው። ይህ ነገር ለእኛ ለከሚሴ ሰዎች እንግዳ አይደለም። እኛም በቦርከና ውኃና በጨፋ ረግረግ ዳር የምንኖር፣ ኦሮሞው፣ አማራውና አርጎባው በአንድ ገበያ የሚገናኝብን፣ በበጋም አፋሩ ከብቱን ይዞ ሣር ፍለጋ የሚመጣብን ነን። ቤተ ክርስቲያናችንን የሚጠብቃት የግንቡ ውፍረት ሳይሆን ከጎረቤት ጋር ያለን ሰላም ነው።

ስለዚህ ካህናት አባቶች ሆይ፣ ኢዮቤልዩ በመጽሐፈ ኦሪት የነፃነትና የይቅርታ ዓመት መሆኑን እናስብ። እንደ ሐይቅ አባቶች ልጆችን እናስተምር፤ ያሉንንም መጻሕፍት ከምስጥና ከእርጥበት እንጠብቅ። ወርቁ በአንድ ቀን ሄደ፤ ወንጌሉ ግን ከሰባት መቶ ዓመት በላይ ቆየ። ምእመናንም ከጎረቤቶቻችሁ ጋር የሚያጣላችሁን ቂም ተዉ። የቅዱስ እስጢፋኖስ አምላክ፣ ለወገሩት ምሕረትን የለመነ የዚያ ሰማዕት ጌታ፣ ደብራችንንና አገራችንን በሰላም ይጠብቅልን። አሜን።