የኮሪያ ጦር አዛዥ ማነው?

እ.ኤ.አ. ነሐሴ 1945 ጃፓን እጅ ልትሰጥ ስትቃረብ፣ ዲን ራስክና ቻርልስ ቦንስቲል የተባሉ ሁለት የአሜሪካ ኮሎኔሎች ኮሪያ የት ላይ እንደምትከፈል እንዲወስኑ ዋሽንግተን ውስጥ ግማሽ ሰዓት ያህል ተሰጣቸው። የናሽናል ጂኦግራፊክ ካርታ ዘርግተው 38ኛውን የኬክሮስ መስመር መረጡ፤ ሴኡል በአሜሪካ በኩል እንድትቀር ፈልገው ነው። ሞስኮም ተስማማች። ኮሪያውያንን የጠየቀ ግን አልነበረም።

የታሪክ መምህርና በኮሪያ ጦርነት የተዋጋው የኢትዮጵያ ጦር፣ የቃኘው፣ ዘማች ልጅ ነኝ። ስለ ኮሪያ ሳስተምር ከጀግንነቱ በፊት ይህን ካርታ አስቀድማለሁ፤ አባቴን ያዘመተው ጦርነት ሥሩ እዚያ ነውና።

ጥር 1950 የአሜሪካው የውጭ ጉዳይ ሚኒስትር ዲን አቺሰን አገራቸው በእስያ የምትከላከለውን መስመር ሲዘረዝሩ ኮሪያን አላካተቱም። ሰኔ ላይ ሰሜኑ በስታሊን ፈቃድ ወረረ። ሦስት ሳምንት ሳይሞላ የደቡቡ ፕሬዚዳንት ሲንግማን ሪ የጦራቸውን አዛዥነት ለአሜሪካዊው ጄኔራል ማክአርተር አስረከቡ። ግንቦት 1951 ፑሳን የደረሰው ቃኘውም ከአሜሪካ 7ኛ እግረኛ ክፍለ ጦር ጋር ተመደበ። የ1953ቱን የተኩስ አቁም ስምምነት አሜሪካዊው የተባበሩት መንግሥታት ጦር አዛዥ፣ ሰሜን ኮሪያና ቻይና ሲፈርሙ ደቡብ ኮሪያ አልፈረመችም። ሪ በእምቢታቸው ያተረፉት ከአሜሪካ ጋር የጋራ መከላከያ ውል ነው። ሰሜኑም በ1961 ከሞስኮና ከቤጂንግ ጋር በአምስት ቀን ልዩነት ተመሳሳይ ውል ፈረመ።

አባቴ «የኛ ክፍለ ጦር» ይለው የነበረው ያው 7ኛ ክፍለ ጦር በ1971 ከኮሪያ ወጣ። የአሜሪካው ፕሬዚዳንት ኒክሰን በቬትናም ተወጥረው የእስያ አገሮች የራሳቸውን መከላከያ ራሳቸው ይሸከሙ ብለው ነበር። የደቡቡ ፕሬዚዳንት ፓርክ ቹንግ ሂ የጦር መሣሪያ ምርምር ተቋም መሥርተው በምስጢር የኑክሌር መሣሪያ ለመሥራት እስከ መሞከር ሄዱ፤ አሜሪካ ተጭናቸው በ1975 የኑክሌር ጦር መሣሪያ እንዳይስፋፋ የሚከለክለውን ስምምነት አጸደቁ።

የሰላም ጊዜ አዛዥነት ለሴኡል የተመለሰው በ1994 ነው። የጦርነት ጊዜው አዛዥነት ርክክብ ግን ለ2012 ተቀጠረ፤ ወደ 2015 ተገፋ፤ በኋላም ቀኑ ቀርቶ በቅድመ ሁኔታ ታሰረ።

ወዳጅ አያስፈልግም አልልም፤ አባቴም የተሻገረው ወዳጅ ሆኖ ነው። ነገር ግን ወዳጅ የሚመጣውም የሚሄደውም በራሱ ስሌት ነው። ሴኡል ይህን አውቃ ዛሬ ታንክና መድፏን ራሷ ታመርታለች፤ ለሌሎችም ትሸጣለች። ለተከፈለች አገር ከዚህ የተሻለ መድን አላየሁም።