የፈረስ ዐይንና የመቅደላ ዘመቻ

የ1860 ዓ. ም. የመቅደላ ዘመቻ ሲወሳ የመድፉና የዝሆኑ ነገር ይነሣል፤ የፈረሱና የበቅሎው ሞት ግን እምብዛም አይነገርም። የላስታን የጋማ ከብት ጤና ለመመርመር ስንነሣ ከዚያ መጀመር ተገቢ መስሎ ታይቶናል።

የእንግሊዝ ጦር በዙላ ሲሰፍር ብዙ ፈረሶችና በቅሎዎች በውሃ ጥማትና በበሽታ አለቁ። በሽታው ዛሬ የአፍሪካ የፈረስ በሽታ የምንለው እንደ ነበረ ይታመናል፤ ይኸውም በጥቃቅን ተናካሽ ትንኞች የሚተላለፍ ነው። ምልክቱ በዐይን ዙሪያ ይታያል፤ ከዐይን በላይ ያለው ጎድጓዳ ስፍራ ያብጣል፥ ቆቡም ይነፋል። ዛሬ የሚከላከል ክትባት አለ፤ ያን ጊዜ ግን አልነበረም። የተረፉት ከብቶች በላት አልፈው፥ ተከዜን ተሻግረው ወደ ዋድላ ወጡ፤ መቅደላም ሚያዝያ 6 ቀን ተያዘች።

ከዚህ ታሪክ የምንማረው ዐይንን አስተውሎ ማየትን ነው። እብጠቱ በሁለቱም በኩል ሆኖ ትኩሳት ካለበት ሕመሙ የመላ አካል መሆኑ ይጠረጠራል። አንዱ ዐይን ብቻ ቢያለቅስ፥ ቢጨፈንና ቢደፈርስ ግን እሾኽ ወይም ቁስል ሊሆን ይችላል። እየተሻለው የሚመላለስ ሕመምም ቀስ በቀስ ብርሃኑን ያጠፋል።

እንዲህ ሲሆን ከብቱን ከፀሐይ ማስጠለል፥ ዐይኑን ፈልቶ በቀዘቀዘ ንጹሕ ውሃ ማጠብና በዚያው ቀን ለከብት ሐኪም ማሳየት ይገባል። የታኘከ ቅጠል ወይም የተፈጨ ጨው መንፋት ቁስሉን ያብሳል፤ ለሌላ ሕመም የተሰጠ ቅባትም እንዲሁ ሊጎዳ ይችላል።

በላስታ ገደላገደል ዐይኑ የጠፋ በቅሎ ከነጭነቱ ይወድቃል፤ ባለቤቱም እህሉን ወደ ላሊበላ ገበያ የሚያወርድበትን ያጣል። ስለዚህ ጉዳዩ ከታሪክ ክፍላችን ውጭ ነው ብለን ልናልፈው አልወደድንም።