ስንመለስ ምን ይቀራል?

ዘንድሮ የክፍላችን ልጆች ስንገናኝ «ለማኅበረሰባችን ምን እናድርግ?» የሚል ጥያቄ መነሳቱ አይቀርም። ጥያቄው ግን በእኛ አልተጀመረም። ከመወሰናችን በፊት ከእኛ የቀደሙት የሄዱበትን መንገድ ብናይ ይጠቅመናል።

በ1957 ዓ.ም. የቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ ዩኒቨርሲቲ «የኢትዮጵያ ዩኒቨርሲቲ አገልግሎት» የተባለውን ጀመረ። ተማሪው ዲግሪውን ከመያዙ በፊት አንድ ዓመት ወደ ክፍለ ሀገር ወርዶ ማገልገል ነበረበት። አብዛኞቹ የሄዱት ለማስተማር ነበር። ግዴታ ነው፤ ቢሆንም መምህር ላጣ ትምህርት ቤት ደረሰለት፣ ተማሪውም የገበሬውን ኑሮ በዓይኑ አየ።

በ1967 ዓ.ም. የእድገት በኅብረት ዘመቻ መጣ። 60,000 የሚጠጉ ተማሪዎችና መምህራን በየገጠሩ ተሠማሩ። እሱም ግዴታ ነበር። ብዙ ወጣት በቅን ልብ ወጥቶ ከመንግሥት ጋር ተጋጨ፣ ጥሎ የወጣም ነበር።

ሐምሌ 1 ቀን 1971 ዓ.ም. ደግሞ የመሠረተ ትምህርት ዘመቻ ተጀመረ። በ5 ቋንቋዎች ተነስቶ ኋላ 15 ደረሰ፤ በዩኔስኮ በኩልም ዓለም አቀፍ ሽልማት አገኘ። ይኼኛው ቤታችን ገብቷል። እናቴ ሆለታንና አዲስ ዓለምን አልፋችሁ፣ አምቦ ሳትደርሱ በምታገኟት ጊንጪ ፊደል የቆጠረችው ያኔ ነው፤ በኦሮምኛ፣ በግዕዝ ፊደል። ያስተማራት ልጅ ተመልሶ አልመጣም። እሷ ግን እስከ ዛሬ የመድኃኒቷን ወረቀት ራሷ ታነባለች። እሱ ሄዷል፣ ፊደሉ ቀርቷል።

የእኔ አገልግሎት እንዲህ አልነበረም። ተመርቄ በዕጣ የደረሰኝ ምዕራብ ሸዋ ነበር። ከዓመታት በኋላ ከሙያ ጓደኞቼ ጋር ሆነን በዓመት አንድ ቀን ጉደር እየሄድን የደም ግፊትና ስኳር በነፃ እንለካ ጀመር። ድንኳን ተክለን፣ ቲሸርት ለብሰን፣ ፎቶ ተነስተን ማታ አዲስ አበባ እንገባለን። በሦስተኛው ዓመት አንዲት እናት ክንዳቸውን እየዘረጉልኝ «ኢንታላ ኮ» አሉኝ፤ ልጄ ማለታቸው ነው። «በየዓመቱ ትለኪኛለሽ፣ በየዓመቱ ከፍ ብሏል ትይኛለሽ። ከዚያስ?»

መልስ አልነበረኝም። ሦስት ዓመት ሙሉ በሽታቸውን እየነገርን እንዳልታከሙ ትተናቸው ሄደናል። አፈርኩ።

ከዚያ በኋላ ድንኳኑን ተውነው። መጀመሪያ የጤና ጣቢያውን ሠራተኞች «ምን ጎደላችሁ?» ብለን ጠየቅን። ያሉን ነገር ቀላል ነበር፤ መዝገብ፣ ክትትል፣ የሚያማክራቸው ሐኪም። አሁን በየሦስት ወሩ ሁለት ሁለት ሆነን እንሄዳለን። የቀጠሮ ቀናቸውን ያሳለፉትን የጤና ኤክስቴንሽን ሠራተኞች ቤታቸው ድረስ ሄደው ይጠይቃሉ። ይህ ፕሮግራም በ1995 ዓ.ም. ሲጀመር ለአንድ የገጠር ቀበሌ 2 ሴት ሠራተኞች ተብሎ የታሰበ ነው፤ ያለ እነሱ የእኛ ጉዞ ሽርሽር ነው። የእድር ዳኞችም በወር ስብሰባቸው ላይ ያስታውሱልናል። መድኃኒቱን ያቋረጡ አሉ፣ ያጣናቸውም አሉ። እኚያ እናት ግን መዝገቡ ላይ ናቸው፤ ግፊታቸውም ወርዷል።

እኔም አትርፌያለሁ። በሽተኛ መድኃኒት የሚያቋርጠው በንዝህላልነት ይመስለኝ ነበር። ጉደር ላይ ግን የትራንስፖርት ብር፣ የገበያ ቀን፣ ልጅ የሚጠብቅ ሰው ማጣት መሆኑን ተማርኩ። ዛሬ ሆስፒታል ውስጥ በሽተኛዬን የምጠይቀው ጥያቄ ተለውጧል።

የት ልጀምር ለምትሉ፣ ቦታው ሩቅ አይደለም። የሰፈራችሁ ጤና ጣቢያ አለ። እድራችሁ አለ። ከ1927 ዓ.ም. ጀምሮ ያለው ቀይ መስቀል ማኅበር በጎ ፈቃደኛ ይመዘግባል። ደም ባንክ ጤነኛ ሰው በየሦስት ወሩ ይቀበላል። ውጭ አገር ያላችሁም በስልክ አንድ ወጣት ሐኪም ማማከር ትችላላችሁ። ደቦ የሚወጣ ገበሬ የባለቤቱን እርሻ «እኔ እንደፈለግሁ ልረስ» አይልም፤ ባለቤቱ ያሳየውን ያርሳል። እኛም እንደዚያው ነን።

ስለዚህ በዚህ ዓመት ስንሰበሰብ ገንዘብ ከማዋጣታችን፣ ቲሸርት ከማሳተማችን በፊት የእኚያን እናት ጥያቄ እናንሳ፦ ከዚያስ?