ፑንታ የሚበላው ብረት

ሰሞኑን ጎፋ ማዞሪያ አካባቢ ቶርኖ ቤት ያለው የድሮ ተማሪዬ ደውሎ፣ «ጋሼ፣ የጠጠር መፍጫ መንጋጋ እንድበሳ አምጥተውልኝ ሦስት ፑንታ በላብኝ፤ ምን ዓይነት ብረት ነው?» አለኝ። የመለስኩለት ለሌሎቻችሁም ይጠቅማል ብዬ ነው ሰፋ አድርጌ የምጽፈው።

ብረቱ የማንጋኒዝ ብረት ነው። የተገኘው እንግሊዝ አገር ሼፊልድ ውስጥ፣ እ.ኤ.አ. በ1882፣ ሮበርት ሃድፊልድ በሚባል የ23 ዓመት ወጣት ነው። (በዚያው ዓመት እኛ ቤት ንጉሥ ምኒልክና ንጉሥ ተክለ ሃይማኖት እምባቦ ላይ ይዋጉ ነበር።) ሃድፊልድ ብረቱ ውስጥ 12 በመቶ ያህል ማንጋኒዝ ጨመረና አግሎ ውኃ ውስጥ ነከረው። ሌላው የካርቦን ብረት እንዲህ ሲነከር ይጠጥራል፣ ይሰበራልም። ይሄ ግን ለሰስ አለ! ጉዱ የሚመጣው ሲመታ ነው፤ ድንጋይ በወቀጠው ቁጥር ላዩ ይጠጥራል፣ ውስጡ ግን እንዳይሰበር ሆኖ ይቀራል። የድንጋይ መፍጫና የባቡር ሐዲድ መሻገሪያ የሚሠራበት ለዚህ ነው። በአንደኛው የዓለም ጦርነት የእንግሊዝ ወታደሮች የራስ ቁርም ከዚሁ ተሠርቷል።

ለዚህ ብረት ግን ፑንታም ያው ዱላ ነው። ፈራ ተባ እያለ የሚያሻሸው ሰው፣ የሚቆርጠውን ብረት በገዛ እጁ እያጠነከረው ነው። በዚህ የተነሳ ለብዙ ዘመን በአብዛኛው የሚስተካከለው በመሳያ ድንጋይ ነበር። መላው የመጣው ማንም ካልጠበቀው ከአምፖል ሠሪዎች ነው። የጀርመኑ ኦስራም የአምፖል ክር መጎተቻ ሲፈልግ እ.ኤ.አ. በ1923 የተንግስተን ካርባይድ ቅይጥ አገኘ፤ ክሩፕም «ዊዲያ»፣ «እንደ አልማዝ» ማለት ነው፣ ብሎ ሸጠው። ስለዚህ ካርባይድ ያዙ፣ ፍጥነት ቀንሱ፣ ግፊቱን ግን አታቋርጡ።

እኔን ይበልጥ የሚያሳስበኝ ማሳመሪያው ነው። ግራይንደር ይዞ እስኪቀላ የሚጫን ሰው አያለሁ። ይህ ብረት ከ300 ዲግሪ በላይ ሲግል ውኃው የሰጠውን ጥንካሬ እያጣ ይሄዳል፤ ላዩ መስታወት መስሎ ሥሩ ስንጥቅ ይይዛል። ክሬሸሩ ላይ ሲገባ ነው የሚታወቀው፣ ያኔ ደግሞ አጠገቡ ሰው አለ።

አቃቂ ላይ ከደርግ ዘመን የቆየ የመለዋወጫ ፋብሪካ አለን፤ በ2002 ዓ.ም. ሜቴክ ሥር የገባው። የትንንሾቹ ቶርኖ ቤቶች ልምድ ግን በባለሙያው እጅ ብቻ ይኖራል፣ የጻፈው የለም። እንዲህ ያለ ብረት ቆርጣችሁ የምታውቁ፣ የተጠቀማችሁበትን መቁረጫና ፍጥነት እዚህ ሥር ጻፉልን።