የታዕካ ማርያም በር ቀለም፤ ስለ ኮምፒዩተር ሕንፃና ስለ ታሪክ ምስክርነት

ታሪክ ጸሐፊ ያለ ማስረጃ አንድ ዐረፍተ ነገር ቢጽፍ ባልደረቦቹ ምንጩን ይጠይቁታል። ያለ ማስረጃ አንድ ግድግዳ ቢቀባ ግን የሚያደንቀው እንጂ የሚጠይቀው እምብዛም አያገኝም። ይህች አጭር ጽሑፍ የፈረሱ ሕንፃዎች በኮምፒዩተር ሲታነጹ ስለሚደረብላቸው ቀለምና የገጽ ልባስ ትመረምራለች፤ ዋና ምሳሌዋም የአክሱሙ ታዕካ ማርያም ነው። (ዓመታቱ በአውሮፓ አቆጣጠር ናቸው።)

የዘዴው መሠረት የተጣለው በ1974 ኤድዊን ካትመል ለዩታ ዩኒቨርሲቲ ባቀረበው የዶክትሬት ጽሑፍ ነው። በቅርጹ ላይ ላለው ለእያንዳንዱ ነጥብ በአንድ ጠፍጣፋ ሥዕል ላይ አድራሻ ይሰጠዋል፤ ኮምፒዩተሩም የዚያን አድራሻ ቀለም አምጥቶ ነጥቡን ያለብሰዋል። በ1978 ደግሞ ጄምስ ብሊን ጠፍጣፋ ገጽ ሸካራ መስሎ የሚታይበትን ስልት አከለበት። ሸካራነቱ ከብርሃን ስሌት የሚመጣ በመሆኑ፥ ዓይን ያየዋል እንጂ በቅርጹ ልኬት ውስጥ አይገኝም።

ይህ ጥበብ በቆመ ሕንፃ ላይ ሲውል ታማኝ አገልጋይ ነው። በ1997 ፖል ዴበቬክና ባልደረቦቹ በካሊፎርኒያ የበርክሌይን ዩኒቨርሲቲ የደወል ግንብና አካባቢውን ከጥቂት ፎቶግራፎች በመነሣት በኮምፒዩተር ሠርተው አሳይተዋል። ቅርጹ ቀላል ሲሆን፥ ሕይወት የሰጠው በላዩ ያረፈው የፎቶግራፍ ልባስ ነበር። ለልባሱ ምስክር የሆነው ካሜራው ነው።

ወደ ታዕካ ማርያም ስንመለስ ነገሩ ይለወጣል። የዚህን ቤተ መንግሥት መሠረት የጀርመን የአክሱም ጉዞ ቡድን በ1906 ቆፍሮ ለካው፤ ውጤቱም በ1913 ታተመ። የግቢው ስፋት 120 በ80 ሜትር ገደማ ነበር። በጣልያን ወረራ ዘመን (1936–1941) በላዩ መንገድ ስለወጣበት፥ ዛሬ በአብዛኛው የቀረልን ያ ንድፍ ነው። ለላይኛው ክፍል የሚረዱን ሌሎች ምስክሮች ናቸው። ሐውልቶቹ በርና መስኮቱን፥ «የዝንጀሮ ራስ» የሚባሉትን የእንጨት ጫፎች ጭምር፥ በድንጋይ ቀርጸው አቆይተዋል። የደብረ ዳሞ ቤተ ክርስቲያን ድንጋይና እንጨት እንዴት እንደሚተሳሰሩ ያሳያል። በ6ኛው መቶ ዘመን የነበረው ነጋዴ ቆስማስም ባለ አራት ግንብ ቤተ መንግሥትና የነሐስ ምስሎች ማየቱን ጽፏል፤ የትኛው ቤተ መንግሥት እንደሆነ ግን ለይቶ አልተናገረም። እነዚህ ሁሉ ስለ ቅርጹ ብዙ ይነግሩናል። ግድግዳው ተለስኖ እንደሆነ፥ እንጨቱም ተቀብቶ እንደሆነ ግን ከመሠረት ንድፍ ማንበብ አይቻልም።

እኔም ከስሕተቱ አላመለጥሁም። ከጥቂት ዓመታት በፊት በስደት ባሉ ወገኖች ስብሰባ ላይ ከተማሪዎቼ ጋር የሠራሁትን የታዕካ ማርያም ሞዴል አሳይቼ ነበር። ግንቡን ከደብረ ዳሞ ፎቶግራፍ በተወሰደ ልባስ ሸፍነን፥ በሮቹን ቀይ ቀብተናቸዋል። ጭብጨባው ጋብ ሲል በዕድሜ የገፉ አንዲት የአክሱም ተወላጅ እናት፥ «ልጄ፥ በሩ ቀይ መሆኑን ማን ነገረህ?» ሲሉ ጠየቁኝ። መልስ አልነበረኝም። በኋላ ሳስበው ቀዩ ቀለም የመጣው ከአክሱም ሳይሆን ካደግሁበት ቤት በር ነበር።

ከአገሩ ርቆ የሚኖር ምሁር ከዚህ ፈተና ይበልጥ ሊጠነቀቅ ይገባዋል እላለሁ። ናፍቆት ባዶ ግድግዳ አይወድም። ሥዕሉም አንድ ጊዜ ከታየ በኋላ አገሩን ላላየ ልጅ ትዝታ ሆኖ ይቀራል፤ ከዚያ ወዲያ ለማረም እጅግ አስቸጋሪ ነው።

መፍትሔው ግን ቀለምን ጨርሶ መተው አይደለም። በ2006 የረቀቀው የለንደን ቻርተር እንዲህ ያሉ ሥራዎች ማስረጃውን ከግምት ለይተው እንዲያሳዩ ይጠይቃል። በእኔ አስተያየት ቢያንስ ሦስት ደረጃዎች ያስፈልጉናል፤ በቁፋሮ የተረጋገጠው ሙሉ ልባሱን ይልበስ፤ ከደብረ ዳሞ ወይም ከሐውልቶቹ በንጽጽር የተወሰደው በፈዘዘ ቀለም ይለይ፤ ምስክር የሌለው ግራጫ ሆኖ ይቅር።

ያን ሞዴል እንደገና ሠርተነዋል። በሮቹ አሁን ግራጫ ናቸው። እንደ ቀድሞው ዓይን አይማርክም፤ ነገር ግን የእኚያን እናት ጥያቄ ለመመለስ ይችላል።