የዛጎል ጀርባ

እስቲ ሁለት ዛጎሎች መዳፋችን ላይ እናስቀምጥ። ሁለቱም ትናንሽ፣ ሁለቱም የሚያብረቀርቁ፣ ሁለቱም በሆዳቸው በኩል ጥርስ ያወጣ የሚመስል ስንጥቅ ያላቸው ናቸው። «ዛጎል ዛጎል ነው፤ ምን ልዩነት አለው?» የሚል ጓደኛ አይጠፋም። ልዩነትማ አለው። እንዲያውም በ19ኛው ምዕተ ዓመት በምዕራብ አፍሪካ የስንቱን ቤተሰብ ጥሪት እንዳሟጠጠ እናያለን። (ዓመተ ምሕረቱ ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ነው።)

በ1758 ስዊድናዊው ካርል ሊኔየስ ለሁለቱም የላቲን ስም አወጣላቸው፤ አንደኛውን ሞኔታ፣ ማለት ገንዘብ፣ ሁለተኛውን አኑሉስ፣ ማለት ቀለበት አላቸው። ሁለቱም ከአፍሪካ ምሥራቃዊ ጠረፍ አንሥቶ እስከ ሰላማዊ ውቅያኖስ ደሴቶች ድረስ፣ ጥልቀት በሌለው ሞቃት ባሕር ይኖራሉ። ቀንድ አውጣው በሕይወት ሳለ ሥጋውን ከግራና ከቀኝ አውጥቶ ቅርፊቱን ስለሚያለብሰው ጀርባው እንደ መስተዋት ያበራል። አኑሉስ እንደ እንቁላል ሞላላና ለስላሳ ሲሆን ጀርባው ላይ ወርቅማ ቀለበት አለው። ሞኔታ ደግሞ ቢጫ ወይም ነጣ ያለ ሆኖ፣ ጎኑ ሰፋ ብሎ ጉብ ጉብ ያለና ማዕዘን የሚያወጣ ነው። ነገር ግን አንዳንዱ ሞኔታም ስስ ቢጫ መሥመር አያጣም፤ ማዕበል የፈጨው አኑሉስም ቀለበቱ ይደበዝዛል። ስለዚህ ቀለሙን ብቻ ያመነ ይሳሳታል።

ከዚህ የባሰም አለ። ዛጎል በክር እንዲሰካ ወይም በቆዳ ላይ እንዲሰፋ ጀርባው ይሰበራል። ቀለበቱ እኮ ያለው እዚያው ጀርባው ላይ ነው! በአያቶቻችን አንቀልባ ላይ የተሰፋውን ዛጎል ልብ ብሎ ያየ ሰው ነገሩ ይገባዋል፤ የሚታየው ሆዱና ጠርዙ ብቻ ነው። እንዲህ ሲሆን መለያው የጠርዙ ቅርጽ ይሆናል፤ ጉብ ጉብ ካለ ሞኔታ፣ እኩል ሞላላ ከሆነ አኑሉስ።

ወደ ታሪኩ እንመለስ። የሞኔታ ዋና ምንጭ የማልዲቭ ደሴቶች ነበሩ። ሰዎች ከባሕሩ ይለቅሙታል፤ ሥጋው እስኪበሰብስ አሸዋ ውስጥ ይቀብሩታል፤ ከዚያ ወደ ቤንጋል ልከው ሩዝ ይገዙበታል። በ1340ዎቹ እዚያ የኖረው ኢብን ባቱታ እንደጻፈው፣ በማልዲቭ 400 ሺህ ዛጎል በአንድ የወርቅ ዲናር ይመነዘር ነበር፤ አንዳንዴም እስከ 1 ሚሊዮን 200 ሺህ ይደርሳል። ይኸው ሰው ከጥቂት ዓመታት በኋላ ማሊ ሲደርስ ያንኑ ዛጎል 1,150ው በአንድ ዲናር ሲመነዘር አየው። ትርፉን አንባቢ ያስላው!

ይህን ስሌት በኋላ ሆላንዶችና እንግሊዞች በደንብ አሰሉት። ዛጎሉ መርከብ እንዳይገለበጥ ከሥር የሚጫን ክብደት ሆኖ ከእስያ ወደ አምስተርዳምና ወደ ለንደን ይመጣል፤ እዚያ በጨረታ ይሸጣል፤ ከዚያም ወደ ጊኒ ባሕረ ሰላጤ ተጭኖ ሰው ይገዛበታል። በ18ኛው ምዕተ ዓመት ብቻ ከ10 ቢሊዮን በላይ ዛጎል በዚህ መንገድ ምዕራብ አፍሪካ ገብቷል። በገበያው 40ው አንድ ክር፣ 50 ክር አንድ «ራስ»፣ 10 ራስ አንድ ከረጢት ሆኖ ይቆጠር ነበር፤ አንድ ከረጢት እንግዲህ 20 ሺህ ዛጎል መሆኑ ነው። የአንድ ሰው ልጅ ዋጋም በዚሁ ቆጠራ ይነገር ነበር።

የባሪያ ንግድ ሲዳከም የዘንባባ ዘይት ንግድ ተተካ፤ የዛጎልም ፍላጎት ጨመረ። በዚህ ጊዜ የሃምቡርግ ነጋዴዎች አንድ ነገር ተገለጠላቸው። በዛንዚባር ዳርቻ አኑሉስ በገፍ አለ፤ ዋጋውም እዚህ ግባ አይባልም። ከ1845 ጀምሮ ያንን እየጫኑ ወደ ምዕራብ አፍሪካ አጋዙት። አኑሉስ ከሞኔታ ይገዝፋል፣ ይከብዳልም፤ ቦታም ይፈጃል። ገበያተኛውም ልዩነቱን አልሳተውም፤ በየቦታው እኩል አልተቀበለውም። ሆኖም በሌጎስና በዳሆሜ ዳርቻ ገበያዎች ገባ። ከገባ በኋላ ማን ያቁመው? መርከብ በመርከብ ላይ ሲመጣ የዛጎል ዋጋ ወረደ፤ ትናንት በአንድ ክር የተገዛው ነገር ብዙ ክር ጠየቀ። ነጋዴው ዘይቱን ወስዷል። በእንስራ ያጠራቀመችው ቸርቻሪ ግን እንስራዋ ሳይጎድል ደኸየች። ቅኝ ገዢዎች ደግሞ ግብር በሳንቲም ካልሆነ አንቀበልም ሲሉ የቀረውም ጌጥ ብቻ ሆነ። በእኛ አስተያየት ይህ የገንዘብ ታሪክ ከጦርነቱ ታሪክ እኩል ሊጠና ይገባዋል፤ ነገር ግን ጥይት ስላልተተኮሰበት ብዙም አይወራም።

ዛሬ የአርኪኦሎጂ ሰዎች ከመሬት የወጣ ዛጎል ሲያገኙ በመጀመሪያ ዓይነቱን ይለያሉ። አኑሉስ ከበዛ ቀብሩ ወይም ፍርስራሹ የ19ኛው ምዕተ ዓመት ሳይሆን አይቀርም ብለው ይጠረጥራሉ፤ በዚያ ብቻ ግን አይፈርዱም። ፈረንሳዊው ቴዎዶር ሞኖ በ1960ዎቹ በሞሪታኒያ በረሃ፣ ውኃ በሌለበት አሸዋ ውስጥ፣ የነሐስ ዘንጎችና በሺህ የሚቆጠር ዛጎል ተቀብሮ አገኘ። ዕቃው የመካከለኛው ዘመን ነው። ዛጎሎቹ በቅርብ ዓመታት አንድ በአንድ ጠርዛቸው ሲመረመር አብዛኞቹ ሞኔታ ሆኑ። ከሕንድ ውቅያኖስ ተነሥተው እዚያ ድረስ በግመል የተጓዙ ናቸው። የሲራራ ነጋዴው ቀብሯቸው ሄደ፤ ተመልሶም አልወሰዳቸውም።